ቀለሙን ትታችሁ ብረቱን ቁጠሩ!



በአሰላ መንገድ ዳር የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ቤት ያያል። አንደኛው በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ ሱቅ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ነው፤ ከታች ንግዱ ተጧጡፎ ሳለ ከአናቱ ላይ ፌሮው እንደ ጃርት እሾኽ ቆሞ ይታያል። እንግዲህ የተቆጣጣሪው ዓይን መጀመሪያ ማንን ሊያይ ይገባል?

ሕጉ መልስ ሰጥቶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ከፍሎ፣ ዝቅተኛውን ቤት በ«ሀ»፣ የሕዝብ መገልገያውንና ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን በ«ሐ» መደበ። አሳቡ ግልጽ ነው፤ አደጋው በከበደ መጠን ቁጥጥሩም ይክበድ።

የከተሞቻችን ልማድ ግን ተገልብጧል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች በተዛመተው የኮሪደር ልማት፣ ደሳሳው ሱቅ ለዓይን አያምርም ተብሎ ይነሣል፤ ፎቁ ፊቱን ቀለም ከተቀባ ግን እንደ ታረመ ይቆጠራል። «ታዲያ ከተማ አይዋብ ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይዋብ! ነገር ግን ቀለም ምሰሶ አይሸከምም።

አሰላ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከሸለቆው የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሳይቀር አናውጧል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ምድር ስትናወጥ የጭቃው ቤት እንጨት ይለመጣል፤ ጣራውም ቀላል ነው። ክፉ አርማታ ግን ባለቤቱን፣ ተከራዩንና ገበያተኛውን አንድ ላይ ይቀብራል።

አርማታ ደግሞ ጥፋቱን ይደብቃል። ስታፋው ቢራራቅ፣ ድብልቁ ውኃ ቢበዛበት፣ ሲሚንቶው ቢሰረቅ፣ ከተለሰነ በኋላ ማን ያውቃል? እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1ኛ/ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ተቆጣጣሪው ብረቱን ቆጥሮ፣ ስሙን ጽፎ ይፈርም።

2ኛ/ የሕንፃው ምድብ፣ የነዳፊው መሐንዲስ ስምና የ28 ቀኑ የጥንካሬ ፈተና ውጤት በሕንፃው በር ላይ ይለጠፍ።

3ኛ/ የመጠቀሚያ ፈቃድ ያላገኘ ፎቅ ተከራይ አያስገባ።

4ኛ/ ትንሹ ነጋዴ ምትክ ቦታ ሳያገኝ አይነሣ።

ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ፎቁ ሥር ጠጕር የሚስተካከለው፣ ጽሑፍ የሚያስባዛውና ክፍል የሚከራየው ማን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። እኛው ነን! የምሕንድስና ተማሪ የተማረውን ይናገር፤ የሕግ ተማሪ አዋጁን ያንብብልን፤ መምህሩም ዝም አይበል።

አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለዋል። ለአርማታ ከዚህ የተሻለ ደንብ የለም።