ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ማን ተቀምጧል?

አንድ ሆስፒታል አዲስ የላቦራቶሪ ማሽን ሲገባለት ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ካሜራም ይጠራል። ደም የሚቀዳው፣ የሽንት ዕቃ የሚያድለው ሰው ሲመደብ ግን ማንም ልብ አይልም። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ማሽኑም ዘንድ መስኮቱም ዘንድ ሠርቻለሁ። የቱ ይከብዳል ብትሉኝ ሳላመነታ መስኮቱ እላለሁ። የብዙ ቦታ አመዳደብ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ነባሩ ባለሙያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትናንት የመጣው ተለማማጅ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ቦታ ቢለዋወጡ ነው የምወደው።

ከአክታ ልጀምር። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚፈለገው ከደረት በሳል የሚወጣ ወፈር ያለ አክታ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር። ታማሚው ክዳን ያለው ዕቃ ይሰጠውና «አክታ ይዘህ ና» ይባላል፤ በቃ። ሰው ፊት መሳልና መትፋት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ጥግ ይፈልግና ምራቁን እንትፍ ብሎበት ይመለሳል። ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን በ2 ሰዓት ገደማ የነቀርሳውን ባክቴሪያ ይለያል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት ይቋቋም እንደሆነም አብሮ ይናገራል። ግሩም መሣሪያ ነው። ምራቅ ከሰጡት ግን ምራቁን መርምሮ «አልተገኘም» ሊል ይችላል፤ ዋሸ አይባልም። ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል ይመለሳል።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፤ ወደ ደጅ፣ ነፋስ ወዳለበት ይውጡ፤ አየር በረጅሙ ይሳቡ፣ ትንሽ ይያዙ፣ ያውጡ፤ እንዲህ ደጋግመው ከሥር ይሳሉ። ይህን ሳይሰለቹ፣ ለመስማት ለሚቸገሩት አባት ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ አማርኛ ለማይችለው ሰው አስተርጓሚ ፈልጎ የሚናገር ሰው ነው የጠፋው።

ሰገራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዘው መጥተው፣ «የኔ ልጅ፣ የታላቁ ይኸው፤ ታናሽየው እምቢ አለኝ። የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው፣ ከዚሁ አድርጊላቸው» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስረዳኋቸው። ይሁንና ጥፋቱ የእሳቸው አይመስለኝም። የግቢው መጸዳጃ ቤት ውኃ የለው፣ በሩ አይዘጋ፤ በዚያ ላይ «ቶሎ በሉ፣ ሻይ ሰዓት ደርሷል» ይባላል። ሌላው ታማሚ ሌሊት ቤቱ የወጣውን በፕላስቲክ ቋጥሮ፣ ታክሲ ተሰልፎ ያመጣዋል። ቀጭን ሰገራ ውስጥ የምትንቀሳቀሰው አሜባ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ካልታየች እንቅስቃሴዋ ይቆማል፣ ቅርጿም ይጠፋል። ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበሰው ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሌለውን አያይም።

ሽንት በተቃራኒው ሲቆይ የሌለውን ይፈጥራል። ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ አብቅሎ ለሚያየው ምርመራ፣ የሚሰጥ ሽንት ታጥበው፣ የመጀመሪያውን አፍስሰው፣ የመሐሉን የሚቀበሉት ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ ፍሪጅ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም ባክቴሪያ ሞቅ ባለ ቦታ በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ሊራባ ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት የተሰጠ ሽንት እስከ 7 ሰዓት ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ካልቸር ቢደረግ ምን እንደሚያበቅል መገመት አያዳግትም። ጤነኛዋ ሴትዮ አንቲባዮቲክ ታዞላት ትሄዳለች።

ደም ላይ ስንመጣ ስሕተቱ ይረቅቃል፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከ1 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። «ጨብጥ፣ ልቀቅ» እያሉ ጡጫ ማስደጋገም የፖታሲየምን መጠን ከፍ ያደርጋል። በሲሪንጅ የተቀዳን ደም በመርፌው በኩል በኃይል ወደ ቲዩብ መግፋት ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል፤ በውስጣቸው የነበረው ፖታሲየም ይፈስሳል። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ የሚገኘው ኢዲቲኤ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፖታሲየም ጨው ነው። ከእሱ ጥቂት ወደ ኬሚስትሪው ቲዩብ ከተሻገረ ፖታሲየሙ ሽቅብ፣ ካልሲየሙ ቁልቁል ይሄዳል፤ እየሳቀ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱ ላይ ልቡ ሊቆም የደረሰ ይመስላል። የቲዩቦቹ ቅደም ተከተል የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው፤ በብዙ ክፍል ግን ደም ቀጂው ወደ እጁ የቀረበውን ያነሣል። ስኳርም እንዲሁ ነው። ደሙ ሳይለይ ሲቀመጥ ሴሎቹ ስኳሩን መብላታቸውን አይተዉም፤ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ቲዩቡ ግማሽ ቀን የተረሳበት የስኳር ታማሚ «ተስተካክሎልሃል» ቢባል እንዳትገረሙ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ስም ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ የራስ ስም፣ ያባት፣ ቢበዛ ያያት ነው። «ፋጡማ መሐመድ» ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሴቶች የሚነሡበት አዳራሽ ሞልቷል፤ ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ደግሞ የማንም ስም ቢጠራ «አቤት» ይላሉ። ስለዚህ «አበበ ነዎት?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ስምዎን ማን ልበል?» ነው የሚባለው፤ መልሱም ከካርድ ቁጥሩ ጋር ይመሳከራል። ቲዩቡ ላይ የሚጻፈውም ደሙ እንደተቀዳ፣ ታማሚው ሳይነሣ ነው። የስድስት ሰው ደም ቀድቶ ኋላ ከትውስታ የሚጽፍ ሰው ከሎተሪ አዟሪ አይለይም።

ይህ ሁሉ የማይቻል ነገር ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ይቻላል፤ በገዛ አገራችን ተችሏል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ከተረከዙ የሚወሰደው ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ በደንብ ደርቆ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ታሽጎ፣ በፖስታ ቤት ሠራተኞች እጅ ወደ መርማሪው ላቦራቶሪ ይጓዛል። አክታም እንደዚያው። እግሩ ድንገት የዛለ ልጅ ሲገኝ ለፖሊዮ ምርመራ 2 ናሙና ሰገራ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ እግሩ ከዛለ በ14 ቀን ውስጥ ተወስዶ በበረዶ ሳጥን አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። እነዚህ ናሙናዎች ባለቤት አላቸው፤ የት እንደደረሱ የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ የሚከፍል በጀት አላቸው። የተራው ሰው ሽንት ግን ጠያቂ የለውም።

ስለ ታይፎይድ ሳላነሣ ባልፍ ሆዴ አይችልም። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ከተገኘ አሳዩኝ! በሽታው በሚዘወተርበት አገር አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ታይፎይድን በትክክል የሚያረጋግጠው ካልቸር ነው፤ ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም፣ ቆዳው በሚገባ ተጸድቶ፣ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር። «መድኃኒት ጀምረዋል?» የሚል ጥያቄ መስኮቱ ላይ አልሰማም። ታማሚው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሦስት ቀን ውጦ ነው የሚመጣው።

የተበላሸ ናሙና ሲመጣ ደንቡ «ይመለስ» ይላል። ነገር ግን ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት ያደረ፣ ለትራንስፖርት ብር የተበደረ ገበሬ ፊትህ ቆሞ መመለስ ያስጨንቃል። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ይሁን» እንላለን። ይሁን ማለት እንደሌለብን አምናለሁ፤ ለድጋሚው ግን ታማሚው ሁለተኛ ካርድ ማውጣትም ሁለተኛ መክፈልም የለበትም። ኪሳራው የሆስፒታሉ ይሁን። አንድ የበጀት ዓመት እንዲህ ቢደረግ ነባር ባለሙያ መስኮቱ ላይ ለማስቀመጥ ማንም ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ፋይናንስ ክፍሉ ራሱ ይጠይቃል።

«ወረፋው ፋታ አይሰጥም፣ ለማን ነው ይህን ሁሉ የምታስረጂው?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ወረፋውን እኔም አውቀዋለሁ። ከተሰለፈው ሰው ውስጥ ስንቱ ባለፈው ሳምንት ውጤቱ አጠራጥሮ የተመለሰ እንደሆነ ግን ቆጥረን አናውቅም፤ ይቆጠርና እንነጋገር።

እስከዚያው እናንተ ከወንበሩ ሳትነሡ «ቲዩቡ ላይ ስሜን አሁን ይጻፉልኝ» በሉ። የሚያኮርፍ ባለሙያ አይጠፋም። ያኩርፍ።