አሮጌ ቤት፣ አዲስ ቢሮ፤ ወጪውን የሚደፍረው ማን ነው?

በአዲስ አበባ ገበያ አሮጌ ሕንፃ ሲነሳ ባለሀብቱ የሚያሰላው ቦታውን እንጂ ቤቱን አይደለም። «አፍርሶ ፎቅ መሥራት ያዋጣል» ይባላል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ከፈረሱ በኋላ ግን፣ በቀሩት ቤቶች ላይ ስሌቱን እንደገና መመርመር ይገባል።

አሮጌ ሕንፃ ዘመናዊ ሥራ ሊሠራበት እንደሚችል የአፍሪካ አዳራሽ ምስክር ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ የአርቱሮ መዜዲሚ ሥራ፣ መዋቅሩ ተጠናክሮ፣ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል እንደያዘ ታድሶ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። እርግጥ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ዓይነት ኪስ ያለው ነጋዴ የለም።

የጠበቃ ወይም የሂሳብ አዋቂ ቢሮ ግን ያን ያህል አይጠይቅም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ቤት ለደንበኛ መቀበያ ተስማሚ ነው። ችግሩ ያረጀው የኤሌክትሪክ መስመር፣ የመጸዳጃ ቤት እጥረትና የፋይል ክብደት የማይችለው የጣውላ ወለል ነው። መፍትሔውም ቤቱን መቦርቦር ሳይሆን፣ በጓሮ አነስተኛ ማስፋፊያ ሠርቶ መጸዳጃውን፣ ሊፍቱን፣ ጄኔሬተሩንና የፋይል ክፍሉን ወደዚያ ማዛወር ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራም? ቁልፉ ያለው በባለቤትነቱ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ፣ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች በኪራይ የሚኖሩ ናቸው። ተከራዩ ነገ ልቀቅ ሊባል ይችላልና ገንዘቡን በሰው ግድግዳ ላይ አያፈስም። አከራዩም ከሚያገኘው ኪራይ ለእድሳት የሚተርፍ ካላየ እጁን አይዘረጋም። በዚህ መሐል ጣሪያው ያፈስሳል፤ ቤቱም «ለአደጋ የተጋለጠ» ተብሎ ለዶዘር ይዘጋጃል።

የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። መከልከል ብቻውን ግን ጣሪያ አይጠግንም። መንግሥት ለተከራዩ ረጅም የኪራይ ውል ሰጥቶ እድሳቱን ግዴታ ቢያደርግና ያወጣውን ወጪ ከኪራዩ ላይ ቢያቻችልለት፣ ካዝናውን ሳይነካ ቤቱን ያድናል። ባለሙያውም መሐል ከተማ ላይ ደንበኛው በቀላሉ የሚያውቀው አድራሻ ያገኛል።

ነጋዴ ቅርስን ስለወደደ ብቻ ገንዘብ አያወጣም። ውሉ ካስተማመነው ግን ያወጣል።