ሠርጉ የዋጠው መጽሔት

ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር ጠብ አለኝ። ሁለት ፀጉራቸው የሸበተ ሴቶች ተቃቅፈው፣ ግንባር ለግንባር ተጋጥመው ይታያሉ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2004 ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ቦታው የሳንፍራንሲስኮ ማዘጋጃ ቤት። ዴል ማርቲን 82፣ ፊሊስ ላየን 79 ዓመታቸው ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብረው ከኖሩ በኋላ ከተማቸው ጋብቻቸውን መዘገበላቸው። በስድስተኛው ወር የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። በጁን 2008 እንደገና ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ማርቲን አረፈች። ላየን በ2020፣ በ95 ዓመቷ ተከተለቻት።

ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ጠቤ ከዚህ ጋር አይደለም። ጠቤ ፎቶግራፉ ከበስተጀርባው ያለውን ሁሉ ስለዋጠው ነው። ስለ እነዚህ ሴቶች የሚጻፈው መታሰቢያ አብዛኛው ከሠርጉ ይጀምርና በሠርጉ ያልቃል፤ ሕይወታቸው በሙሉ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያደርስ ረጅም ደረጃ ብቻ ሆኖ ይቀርባል። ሁለት ሙሽሮች! እኔ ግን የማውቃቸው አዘጋጆች ሆነው ነው፤ ጽሑፍ ሲያርሙ፣ ስቴንስል ሲመቱ፣ ፖስታ ሲያሽጉ፣ የአንባቢ ደብዳቤ ሲያስተናግዱ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እነዚህን ሴቶች «የፖለቲካ ሰዎች ጉዳይ ናቸው» ብሎ ማለፉ ትልቅ ስንፍና ነው እላለሁ፤ ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው መጽሔት ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በጭፈራ ነው። በ1955 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት ሴቶች በመጠጥ ቤት ተያይዘው ቢጨፍሩ ፖሊስ ሊገባባቸው፣ ስማቸው በጋዜጣ ሊወጣ፣ በማግስቱም እንጀራቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ሰው ከመንግሥት ሥራ እንዲባረር ፈርዶበታል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1952 ባወጣው መዝገብ ከሕሙማን ተራ አስገብቶታል። እናም በአንዲት ፊሊፒናዊት ሐሳብ አመንጪነት ስምንት ሴቶች መጋረጃቸውን ዘግተው የሚጨፍሩበት ማኅበር ለማቋቋም ተሰበሰቡ። ማርቲንና ላየን ከስምንቱ ሁለቱ ነበሩ።

የማኅበሩን ስም ነገር ግን እንደዋዛ አልፈው ዘንድ አልችልም። «የቢሊቲስ ሴት ልጆች» አሉት። ቢሊቲስ ማን ናት? ፈረንሳዊው ደራሲ ፒየር ሉዊስ በ1894 አንድ የግጥም መድበል አሳተመ፤ ቢሊቲስ ከምትባል የሳፎ ዘመን ባለቅኔ፣ ከጥንታዊው ግሪክኛ የተረጎምኩት ነው አለ። መቃብሯን ቆፍሮ ያገኘ አንድ ጀርመናዊ ሊቅ ሳይቀር ፈጠረላት። ነገሩ ሁሉ የእርሱ ፈጠራ ነበር፤ ቢሊቲስ የምትባል ሴት በምድር ላይ ኖራ አታውቅም። ስምንቱ ሴቶች አንድ ወንድ በምናቡ የወለዳትን ሴት እናታችን ናት ብለው ተነሡ። ስሙን የመረጡበት ብልሃት ለኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ እንደ አሜሪካ አገር ወዳድ እመቤቶች ማኅበር ያለ ጨዋ ስም፤ ወርቁ ሳፎ። ፖሊሱ ሰሙን ሰምቶ ያልፋል፤ አንባቢዋ ወርቁን ታገኛለች። ማኅበሩ ገና ሲወለድ በመጽሐፍ አንባቢዎች መካከል ብቻ የሚሰማ ቋንቋ ይዞ ተወለደ።

እግረ መንገዴን ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። ስለ እነርሱ በአማርኛ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው የሚያገኘው ቃል ወይ ከዐውደ ምሕረት ወይ ከወንጀል ሕግ የመጣ ነው፤ ሁለቱም ከመነሻቸው ፍርድ ሰጥተው የሚጀምሩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ «ሌዝቢያን» የሚለውን ባዕድ ቃል እንዳለ እወስዳለሁ። ቃሉ የአንዲት ደሴት ስም ነው፤ ደሴቲቱም የምትታወቀው ባፈራቻት ባለቅኔ ነው። ከዚህ የተሻለ የሥነ ጽሑፍ ሥር ያለው ቃል ከየት ይመጣል?

በኦክቶበር 1956 መጽሔቱ ወጣ፤ ስሙ «ዘ ላደር»፣ «መሰላል» ማለት ነው። በሽፋኑ ላይ ከደመና የሚደርስ መሰላልና ከሥሩ የቆሙ ሴቶች ተሥለዋል። የመጀመሪያው እትም በስቴንስል የተባዛ 175 ቅጂ ነበር። ይህ ቁጥር የሚያስቀው ሰው ካለ፣ በአገራችን የተማሪዎች ዘመን በስንት የተባዛ ወረቀት ስንት ነገር እንደተለወጠ ታላላቆቹን ይጠይቅ። በአገሪቱ ውስጥ በሌዝቢያኖች ለሌዝቢያኖች ተዘጋጅቶ በመላ አገሪቱ የተሠራጨ የመጀመሪያው መጽሔት ይህ ነው፤ እስከ 1972 ኖሯል።

የመጀመሪያዋ አዘጋጅ ፊሊስ ላየን ናት። በበርክሌይ ጋዜጠኝነት የተማረች፣ ሙያውን የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ያም ሆኖ የፈረመችው በገዛ ስሟ አልነበረም፤ «አን ፈርጉሰን» ብላ ነው። በሁለተኛው እትም ይህቺው አን ፈርጉሰን «ስማችሁ ከእኛ ዘንድ አይወጣም» የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ አወጣች፤ የአሳታሚን የደንበኞች ስም ያለመስጠት መብት ያጸናውን የ1953 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔም ምስክር ጠራች። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ስምሽን ብትሰጪኝ አትፍሪ የምትለው ሴት ራሷ በሐሰት ስም ተደብቃለች! ላየን ይህ ውስጧን ሳይቆጠቁጣት አልቀረም። ጥቂት እትሞች ቆይታ በመጽሔቱ ላይ አን ፈርጉሰንን ገድያታለሁ ብላ ተናዘዘችና በእውነተኛ ስሟ መፈረም ጀመረች። የብዕር ስም ባህል ባለው ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ያደግን ሰዎች የዚህን ክብደት መመዘን አያቅተንም። በ1957 መባቻ የገዛ ስምን በዚያ መጽሔት ላይ ማተም የመኖሪያ ቤትንና ሥራን አብሮ ማስያዝ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ከማዘጋጃ ቤቱ ፎቶግራፍ ይልቅ ይህቺ ገጽ በግድግዳ ላይ ብትሰቀል እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ። በ1970ዎቹ የተነሡ ወጣቶች፣ ዛሬም የእነርሱን አፍ የተዋሱ ተቺዎች፣ እነዚህን ሴቶች አጎብዳጆች ይሏቸዋል። ማስረጃም አላቸው፤ አልደብቀውም። የማኅበሩ የዓላማ መግለጫ አባላት ኅብረተሰቡ በሚቀበለው አለባበስና ጠባይ እንዲኖሩ ይመክራል፤ ሱሪ ለብሳ የምትመጣ ሴት ቀሚስ እንድትለብስ መምከር ማለት ነው። መጽሔቱም «ሕሙማን ናቸው» ለሚሉ ሐኪሞች ገጹን ሰጥቷል። ይህን ሳነብ እኔም ያመኛል። ነገር ግን ተቺዎቹ አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ በዚያው መጽሔት ላይ ይህንን ምክር በመጀመሪያ የሞገቱት የራሱ አንባቢዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዷ ከእኛ ጋር ሩቅ ዝምድና አላት።

በሜይ 1957 እትም የደብዳቤዎች ገጽ ላይ ከኒው ዮርክ የተላከ፣ በሦስት የስም መነሻ ፊደላት ብቻ የተፈረመ ረጅም ደብዳቤ አለ። ጸሐፊዋ ሎሬይን ሃንስቤሪ ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» የተባለውን ተውኔቷን ለብሮድዌይ በማብቃት ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የምትሆነው። አጎቷ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ፣ በ1934 ከመላኩ በያን ጋር የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤትን ያቋቋሙ፣ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው። የአጎትየውን ስም በኩራት የምንጠራ ሰዎች የእኅታቸውን ወይም የወንድማቸውን ልጅ ደብዳቤ ስናገኝ ፊታችንን ማዞር የለብንም፤ ሎሬይን የወንድማቸው ልጅ ናት።

ደብዳቤው ምን ይላል? ስለ አለባበሱ ምክር ስታነሣ፣ በነጮች ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት እንዴት መልበስና መናገር እንዳለባቸው ሲመከሩ ከኖሩ ጥቁሮች መካከል እንዳደገች ትናገራለች፤ እንዲህ ያለው ምክር የመጨረሻ ግብ ከሆነ ምን ያህል ጥልቀት እንደሌለው ከዚያ ተምሬዋለሁ ትላለች። ሆኖም ዓለም እስኪገባው ድረስ የሚኖረውን ችግርም አትክድም። በኦገስት ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች፤ በዚህኛው ባል አግብተው ስለሚኖሩ እንዲህ ያሉ ሴቶች (እርሷም በዚያን ጊዜ ባለትዳር ነበረች)፣ እንዲሁም በሴቶች ላይ ያለው ንቀትና በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ያለው ጥላቻ ሥራቸው አንድ ሊሆን ስለመቻሉ ታወጋለች። ዓመቱ 1957 መሆኑን አትርሱ። አጎብዳጅ በሚባለው መጽሔት ላይ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ ሌሎች ከአሥር ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ግኝት የሚያውጁትን ነገር በደብዳቤ መልክ ጻፈች፤ አዘጋጆቹም ሳይፈሩ አተሙት።

ሃንስቤሪ በ1965፣ በ34 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። ከዚህ የሕይወቷ ገጽታ ጋር የተያያዙት ወረቀቶቿ ለአሥርት ዓመታት ለተመራማሪ ዝግ ሆነው ቆዩ። «የግል ጉዳይዋ ነው፤ ለተውኔቱ ምን ይጨምራል?» የሚል ድምፅ ዛሬም ይሰማል። የአንድ ደራሲ ትዳር፣ ፍቺ፣ ዕዳና ስካር ሳይቀር «የሥራው ምንጭ» እየተባለ ሲጠና ያላጉረመረመ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ብቻ የጨዋነት ዘበኛ ሆኖ መቆሙ ይገርመኛል። ከዚያም በላይ እነዚህ የጓዳ ወረቀቶች አይደሉም፤ ታትመው እንዲነበቡ ራሷ የላከቻቸው ጽሑፎች ናቸው።

የዚህ ታሪክ እውነተኛዋ ጀግና ለእኔ ግን ሌላ ሴት ናት። ባርባራ ጊቲንግስ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዓመቷ ወደቀች። የወደቀችው ሰንፋ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምትውል ነው፤ ክፍል መግባት ትታ ራሷን በመጻሕፍት ውስጥ ትፈልግ ነበር። ያገኘችው ምን ነበር? በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ በሽታ፣ በሌሎች ውስጥ ኃጢአት፣ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ደግሞ እንባ። ሰው ራሱን በመጽሐፍ ሲፈልግ የሚያገኘው የክስ መዝገብ ብቻ ከሆነ የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ወይ ሌላ መጽሐፍ እንዲጻፍ ይሠራል። ጊቲንግስ ሁለተኛውን መረጠች። በ1958 የማኅበሩን የኒው ዮርክ ቅርንጫፍ አቋቋመች፤ ከ1963 እስከ 1966 «መሰላል»ን አዘጋጀች። በሽፋኑ ላይ ሥዕል የነበረበትን ቦታ የሰው ፊት እንዲይዘው አደረገች፤ ፎቶግራፎቹን ብዙውን ጊዜ ያነሣችው የሕይወት ጓደኛዋ ኬይ ላሁሰን ነበረች። ፊቷን ለመስጠት የምትደፍር ሴት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ፊታቸው ከታየው ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ከኢንዶኔዥያ የጻፈች አንባቢ ነበረች፤ በ1966 ደግሞ ኧርነስቲን ኤክስታይን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ወጣች። ጊቲንግስ በሰልፍ ጉዳይ ከማኅበሩ መሪዎች ጋር ተጋጭታ ከአዘጋጅነቷ ተነሣች። እርሷ ግን ወደ ልጅነት ጠላቷ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰች፤ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳትሆን የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ውስጥ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ቡድን እየመራች፣ ሊነበቡ የሚገባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር እያዘጋጀች አሠራጨች። በ1973 የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ማኅበር «በሽታ» ያለውን ከመዝገቡ ሲፍቅ፣ ከዚያ ውሳኔ በፊት ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሞገቱት አንዷ እርሷ ነበረች። ስለ እርሷ ግን የሠርግ ፎቶግራፍ የለም፤ ስለዚህ ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

የመጽሔቱ አሟሟት አያምርም። በ1970 የመጽሐፍ ገምጋሚዋ ባርባራ ግሪየርና የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሪታ ላፖርት የደንበኞቹን ስም ዝርዝር ከሳንፍራንሲስኮ ወደ ኔቫዳ ወስደው መጽሔቱን ከማኅበሩ ነጠሉት። ያ በምስጢር ይጠበቃል የተባለለት ዝርዝር! ሌብነት ነው የሚሉ አሉ፤ ማዳን ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሌብነት ነው ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ሆኖም ግሪየር ከዚያ በኋላ ከሌሎች ጋር ያቋቋመችው ናያድ ፕሬስ ብዙ መጻሕፍት ማሳተሙን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

ማርቲንና ላየን በ1972 «ሌዝቢያን ዉመን» የተባለውን መጽሐፍ አብረው ጻፉ። ማርቲን በ1976 በባሎቻቸው ስለሚደበደቡ ሚስቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመች፤ በአሜሪካ ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነው። ስለ ማን እንደጻፈች ልብ በሉ። ከወንድ ጋር መኖርን የተወች ሴት ከወንድ ጋር በሚኖሩ ሴቶች ገላ ላይ ስላለው ሰንበር ጻፈች፤ ሠርጉን የሚያወድሱት ስንቶቹ ይህን መጽሐፍ ያውቁታል?

ሁለቱ ከ1955 ጀምሮ የኖሩባትን ትንሽ ቤት የሳንፍራንሲስኮ ከተማ በ2021 በቅርስነት መዝግቧታል። ጥሩ ነው። «መሰላል» ግን ከቤቷ በፊት ቅርስ ሆኗል፤ በ1975 አርኖ ፕሬስ አሥራ ስድስቱን ዓመታት በሙሉ በጥራዝ አሳትሞታል፤ በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢያን እጃችሁ ከደረሰ የ1957ቱን ጥራዝ ክፈቱ። ርዕሰ አንቀጾቹን ለኋላ አቆዩአቸው፤ ከደብዳቤዎቹ ገጽ ጀምሩ።