ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይነካም

መስቀል ሲደርስ የወልቂጤም የቡታጅራም ቤቶች ከአዲስ አበባ በሚመጡ ልጆችና የልጅ ልጆች ይሞላሉ። ክትፎው ይበላል፣ ምርቃቱ ይወርዳል። በማግስቱ ግን ልጆቹ ስልካቸው ላይ ይደፋሉ፣ አያቶች ዳር ይዘው ዝም ይላሉ። በተለይ ጆሮው የከበደ አዛውንት በጫጫታ መሀል ወሬ መከታተል ስለሚያቅተው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጆሮውን ማስመርመር ተገቢ ነው። ጎን ለጎን ግን ብዙ ወሬ የማይፈልግ፣ ከልጆች ጋር አብሮ የሚሠራው ነገር ይፈልጉለት።

እኔ የምመክረው ሰንጠረዥን ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ቁጥር የሚሞላበት ወረቀት ይታወሰናል፤ የጥንቱ ግን የአገራችን ቼዝ ነው። የጉራጌ ጨዋታ ነው አልልም፤ የሚታወቀው በነገሥታትና በመሳፍንት ግቢ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ደግሞ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አይቶ መስክሯል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ ብዙው በተረሳ ነበር።

ሰሌዳው እንደ ቼዝ 64 ቤት አለው፤ ጥቁርና ነጭ መሆን አያስፈልገውም፣ መስመር ይበቃዋል። ፈረስና ደር (ቼዝ ላይ ግንቡ) እንደምናውቀው ይሄዳሉ። በንግሥቷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ ግን በአግድም ማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በማዕዘን ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። እግረኛው መደቅ ሁልጊዜ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ልጆች የሚወዱት አጀማመሩን ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህም ወረራ ይባላል። አንድ ጠጠር ሲበላ ተራ በተራ ይሆናል።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው ግን መጨረሻው ነው። ጠጠሩ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ ተራ ነገር ነው፤ በፈርዝ፣ በፊል ወይም በመደቅ ንጉሡን መያዝ ያስመሰግናል። ስለዚህ ብርቱው ደካማውን ገፎ መጨረስ አይችልም።

ባለፈው መስቀል ቡታጅራ፣ እህቴ ቤት ይህን አየሁ። በስልክ ቼዝ የተካነው የ13 ዓመት ልጅ የ8 ዓመት ዘመዱን ደጋግሞ አሸንፎት፣ ትንሹ አኩርፎ «ሁለተኛ አልጫወትም» ብሎ ነበር። በሰንጠረዥ ሕግ ሲገጥሙ ግን ትልቁ የትንሹን ጠጠሮች ሁሉ በላና ንጉሡ ብቻውን ቀረ። አሸነፍኩ ሲል «አላሸነፍክም» ተባለ። በሚቀጥለው ዙር ሁለት ጠጠር ትቶለት፣ በመደቅ ለመያዝ ብዙ ደከመ። ጆሯቸው የከበደው አያታቸውም ወንበራቸውን አስጠግተው በጣታቸው ለትንሹ መንገድ ያሳዩት ጀመር። በሰንጠረዥ ዳር የቆመ ሰው መምከሩ ድሮም የተለመደ ነበርና የከለከላቸው የለም።

ካርቶን፣ እስክሪብቶና ቆርኪ ይበቃችኋል፤ በየቆርኪው ላይ የጠጠሩን ስም ጻፉ። ቤት ውስጥ የሚድህ ወይም ገና ዕቃ ወደ አፉ የሚያደርግ ሕፃን ካለ ቆርኪውን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡ፤ ትንታ ቀልድ አይደለም። አያት በደንብ እንዲያዩ ሰሌዳውን ብርሃን ካለበት አድርጉት። በየዙሩ መሀልም ተነሥተው ትንሽ ይራመዱ። የመጀመሪያውን ዙር ደግሞ ከአያት ጋር ትንሹ ልጅ ይጫወት።