አረጋውያንን ወዴት እናሳርፍ?

በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ አካባቢ በምትገኘው በአሪቻ፣ ቡናው ቀልቶ የለቀማው ወራት በደረሰ ጊዜ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ማሳውና ወደ ቡና ማጠቢያው ስለሚወጣ፣ መነሣት የተሳነው አረጋዊ ከማለዳ እስከ ምሽት ብቻውን ይውላል፤ ራስጌው በጣሳ የተቀመጠለትን ውሃ እጁ ተንቀጥቅጦ ቢያፈሰው እንኳ የሚተካለት የለም። ይህን የሰማ፣ በአዲስ አበባ ወይም በባዕድ አገር ኑሮውን ያቀና ልጅ «አባባን መጦሪያ ቤት እናስገባቸው» ቢል የአባትነትን ክብር አቃለለ ተብሎ ሊወገዝ አይገባውም፤ ከሚወቅሱት ሰዎች ይልቅ፣ ስትጦር የኖረችው ምራት ወገቧ መቆረጡን እርሱ አስቦበታልና።

ይሁን እንጂ ነገሩ የሚከራይ ቤት እንደ መፈለግ የሚቀል አይደለም። በክብር ዶክተር ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ፣ ጧሪና ቀባሪ ያጡትን ከጎዳና እያነሣ የሚያጥብ፣ የሚያጎርስና የሚያሳክም የምሕረት ቤት ነው፤ ባለ ልጁን ወደዚያ መላክ ግን ምንም የሌለውን ሰው አልጋ መሻማት ይመስለኛል። በክፍያ ከሚያስተዳድሩት ቤቶች አንዱን የሚመርጥ ቤተሰብ ደግሞ፣ የቅጥሩን አበባና የሥራ አስኪያጁን ለዛ ትቶ፣ ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ እንደሚያድር፣ ሽማግሌውን ማን እንደሚያጥበው፣ ሳይነግር ለሚመጣ ዘመድም በሩ ይከፈት እንደ ሆነ አጥብቆ ይጠይቅ።

ለጌዴኦ አረጋዊ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ በኋላ የለመደውን ልሳን አስቀድሞ ያጣና ወደ አፍ መፍቻው ይመለሳል፤ አማርኛን በገበያ የተማረ የአሪቻ አባት፣ ከዲላ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ፣ በአፍ መፍቻው በጌዴኡፋ «ጠማኝ» ሲል የሚሰማው ካጣ፣ አንሶላው የቱንም ያህል ቢነጣ ምን ይረባዋል? አረጋውያኑ የሚዘነጉት በዚህ ብቻ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረ ጊዜ፣ እንሰትንና ቡናን በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያስማማው ጥበብ እጅግ ተወድሷል፤ ያን ጥበብ ያቆዩልን ሶንጎ በተባለው ሸንጎ ተቀምጠው የሚመክሩትና የሚያስታርቁት ሽማግሎች መሆናቸውን ግን ከበዓሉ ማግስት የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛልና፣ የዞኑ አስተዳደር፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲና የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተባብረው፣ ትልቅ ሕንፃ ሳይመኙ፣ በለቀማው ወራት የአረጋውያን መዋያ ቢያቋቁሙ ይበጃል። ከቡና ማጠቢያው ብዙም ያልራቀ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጌዴኡፋ ተናጋሪ አስታማሚዎች፣ ትኩስ የእንሰት ዋሳና በየሳምንቱ ከዲላ የሚመጣ ነርስ ለመነሻ ይበቃሉ። ከዚህ የበለጠ ክብካቤ የሚያሻው ሕመምተኛ ሲገኝ ያን ጊዜ የአዲስ አበባው መንገድ ይታሰብ፤ ያውም አስቀድሞ ሽማግሌው ራሱ ተጠይቆ።