ቤቱን ከመምረጣችን በፊት ትምህርት ቤቱን እንጠይቅ

ሰሞኑን በቡድናችን ውስጥ በብዛት የሚወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ቤተሰብን ከገጠር ወደ ከተማ ስለማውጣት። አንዷ እናቷንና ልጇን ኮምቦልቻ ልታስገባ ነው። ሌላዋ ወንድሞቿን ወደ አዲስ አበባ ልትወስድ ነው። ሌላዋ ደግሞ ደሴ ዳር ላይ ቦታ ገዝታ "ቤቱ ሲያልቅ ይገባሉ" ትላለች። ሁላችንም "ለልጆቹ ትምህርት ብዬ ነው" እንላለን። እኔም እንደዚያው ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ከእናቴ ጋር ከሐይቅ ገባ ብሎ ካለ ገጠር ውስጥ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ዳር ቆሜ አይደለም።

ሀሳቤን ቀድሜ ልናገር። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ቦታውን ወይም የኪራይ ቤቱን እንመርጥና ትምህርት ቤቱን "እዚያው አካባቢ አይጠፋም" ብለን እንተወዋለን። እኔ ግን መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ይመረጥ፣ ቤቱ እሱን ተከትሎ ይፈለግ ባይ ነኝ። ልጁ በእግሩ ደርሶ በእግሩ የሚመለስበት ቤት ይሁን። ሰፈሩ የማያምር ቢሆንም፣ ቤቱ አንድ ክፍል ቢሆንም።

ይሄን ያየሁት እዚሁ ነው። አሠሪዎቼ ባለፈው ዓመት ከሪያድ ወደዚህ ተዛወሩ። የሰውየው ሥራ ደማም የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። አብዛኞቻችሁ በመንገድ ስታልፉ ታዩታላችሁ፣ በደማምና በኮባር መሀል ያለው፣ በፈረንጆች 1973 የተቋቋመው ነው። ለሥራው ቢሆን እዚያው አጠገብ ደማም ውስጥ ቤት መያዝ ይቀል ነበር። ማዳም ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት የሚባል ነገር አላየችም። የዞረችው ትምህርት ቤት ነው፤ እኔም ትንሹን ልጅ ታቅፌ መኪናው ኋላ ነበርኩ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ትጠይቃለች፣ አስተማሪዎቹ በየዓመቱ ይቀያየሩ እንደሆነ ትጠይቃለች። ከዚያ ደግሞ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡትን እናቶች ታናግራለች። በመጨረሻ ኮባር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት መረጠች፣ ከዚያ በኋላ ነው ለዚያ ትምህርት ቤት የሚቀርብ ቤት የተፈለገው። ባሏ ቢያጉረመርም "አንተ መኪና አለህ፣ ተመላለስ" አለችው። በሌላ በሌላው ከማዳም ጋር ብዙም አንግባባም፣ በዚህ ግን ጎበዝ ናት።

እኛ ጋ ግን የሚመላለሰው ልጁ ነው። አንዲት እህታችን ስድስት ዓመት ለፍታ ከተማ ዳር ቆንጆ ቤት ሠራች። ቤቱ በብሎኬት የተሠራ፣ ባለ ብረት በር ነው። ሁለቱ ልጆቿ ግን ጠዋት ሁለት ታክሲ ይዘው ነው ትምህርት ቤት የሚደርሱት። በክረምት መውጫ ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ባጃጅም አይገባም። ቤቱ ሲያልቅ ለልጆቹ ሰርቪስ የሚከፈል ብር አልቀረም። ትልቁ ልጅ ከመምጣት መቅረት እየቀለለው ሄዶ ሰባተኛ ላይ ቀረ። ቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቤቱ ልጁ የሚማርበትን ብር ስለበላው ነው።

"ታዲያ ልጄን እዚህ ባመጣትስ?" የምትሉ አላችሁ። በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ቤተሰብ ማምጣት አይቻልም። በሌላ ሥራ ላይ ያሉት የውጭ አገር ሰዎች እንኳን ከ2017 (በፈረንጅ) ጀምሮ በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል መክፈል ጀምረው በ2020 400 ሪያል ደርሷል። በዚህ የተነሳ ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ አገራቸው የመለሱ ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ያለውም ሪያድና ጅዳ ነው፤ ሪያድ እንኳን ከኛ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ የኛ ጉዳይ አገር ቤት ነው፣ በስልክ የምንመራው ጉዳይ።

መውጣቱ ቅንጦት ነው የሚሉን ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲገባ ስንት ትምህርት ቤት እንደፈረሰና እንደተዘረፈ ታውቃላችሁ። የተረፈውም የተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ ቆየ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ውጊያ ደግሞ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ውጪ ናቸው። የልጄ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት የተከፈተበት ቀን ከተዘጋበት ያንሳል። እናቴ "ጎረቤቶቿም ቁጭ ብለዋል፣ ምን ይደረግ" ትለኛለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማንበብ ሳትችል አስር ዓመት ከገባች በኋላ ከትንንሾች ጋር አንደኛ ክፍል መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳፍር የገጠር ልጅ የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ መውጣቱ መውጣት ነው። ጥያቄው ወዴት፣ እንዴት የሚለው ነው።

አዲስ አበባ የሚለው ስም ያጓጓል። መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ቁርስና ምሳ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኪራዩ ግን ለገጠር ሰው የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ደላላው ራቅ ወዳለው ይወስዳችኋል። እዚያ ስትደርሱ መጠየቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ ሰፈሩ አዲስ አበባ ነው ወይስ ኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ውስጥ ነው? ሁለቱ ተያይዘው ስለሚኖሩ ለዓይን አይለዩም፣ የሚያስተምሩበት ቋንቋ ግን ሊለያይ ይችላል። ልጃችሁ እስከ አምስተኛ በአማርኛ ተምሮ ከሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የአማርኛ ክፍል እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የስድስተኛና የስምንተኛ ፈተና ደግሞ በየክልሉ የሚወጣ ነው። በእነዚህ ክፍሎች ላይ ያለ ልጅን በዓመት መሀል ከክልል ክልል አታዛውሩት፤ ቢያንስ ፈተናውን ይጨርስ።

አዲስ አበባ የምትከራዩ አንድ የሚጠቅማችሁ ሕግ አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ቅድሚያ የሚከፈለውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። አከራዩ "የስድስት ወር ስጡኝ" ካለ ይሄን ንገሩት። ለልጅ ደግሞ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ መቀመጥ ማለት ሁለት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት መማር ማለት ነው።

እኔ ግን ለወሎ ሰው ቅርቡ ይሻላል እላለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደማም ኮባር እንደማለት። ኮምቦልቻ ሞቃትና ሜዳ ነው፣ ፋብሪካ ያለበት ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለው። ሥራ የምትፈልግ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ እሱን አስቡ። ደሴ ብርድ ነው፣ ግን የትምህርት አገር ነው፤ ወይዘሮ ስሂን የሚለው ስም ስንቱን የወሎ ልጅ ከገጠር ጠርቷል። ደሴ ቦታ ወይም ቤት የምትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር በዳገት ላይ የተቀመጠች ናት፣ በክረምት መሬት የሚንሸራተትበትና ጎርፍ የሚሰብረው ቦታ አለ። ርካሽ ተብሎ የሚቀርብላችሁ ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ወንድማችሁን ላኩትና በነሐሴ ዝናብ ላይ ያለውን ቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ። በጥር የተቀረጸ ቪዲዮ ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ አካዳሚው ልምጣ፣ ብዙ የምንጣላበት ስለሆነ። "ልጄን አካዳሚ አስገባሁ" ማለት እዚህ እኛ መሀል ክብር ሆኗል። እኔ የግል ትምህርት ቤት ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ስሙ አካዳሚ ስለሆነና ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ ስለተሳለ ብቻ ጥሩ አይሆንም። የአስራ ሁለተኛ ፈተና ውጤት ሁላችንንም አስደንግጧል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑበት ዓመት ነበር። ስለዚህ የሚጠየቀው "የግል ነው የመንግሥት?" ሳይሆን "ባለፈው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ስምንተኛን ስንት ልጅ አለፈ?" ነው። የማይመልሱ ከሆነ ያው መልስ ነው።

ሌላም ስሌት አለ፣ እሱን ማንም አይነግረንም። የኛ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው። ልጅ የሚማረው ግን አስራ ሁለት ዓመት ነው። በ2006 ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል፣ ብዙዎቹ የመጨረሻ ወር ደመወዛቸውን እንኳን ሳይቀበሉ። ያን ጊዜ አካዳሚ የነበሩ ልጆቻቸው ምን ሆኑ? በመሀል ወጡ። ሐምሌ 2016 ብሩ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ሲያልፍ፣ የኛም ሪያል አብሮ ሲጨምር፣ እልል ብለን ነበር። የትምህርት ክፍያውም፣ ኪራዩም፣ ዘይቱም ተከተለው። ስለዚህ የኔ ሚዛን እንዲህ ነው፤ ዛሬ ማታ "እቃሽን አዘጋጂ" ብባል፣ ባንክ ያለው ብር አንድ ሙሉ ዓመት ያን ትምህርት ቤት ይከፍላል ወይ? የማይከፍል ከሆነ ለኔ አይሆንም። ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት አጠገብ ተከራይቶ፣ ለአካዳሚው የታሰበውን ሲሶ ለአስጠኚ መክፈል ይሻላል። አስጠኚው ደግሞ የአስራ ሁለተኛ ተማሪ የሆነች የጎረቤት ልጅ ብትሆን ትችላለች፣ ሳምንት ሦስት ቀን።

ከሁሉም በላይ የምቃወመው አንድ ነገር አለ። እሱም ልጅን ብቻዋን ዘመድ ቤት መላክ ነው። "አክስቷ ከተማ ናት፣ እዚያ ሆና ትማር" የሚባለው። እኔ ራሴ ዘጠነኛና አስረኛን የተማርኩት ከሁለት የቀበሌያችን ልጆች ጋር ሐይቅ ቤት ተከራይተን፣ በየሳምንቱ ስንቅ በጀርባችን እያመጣን ነው። ከባድ ነበር፣ ነገር ግን የራሳችን ቁልፍ ነበረን። ዘመድ ቤት የገቡት ጓደኞቻችን ግን ሊጥ አቡክተው፣ ልጅ አጥበው፣ ውሃ ቀድተው ነው ሁለተኛ ፔሬድ ላይ የሚደርሱት። ሰው ቤት ማደር ምን ማለት እንደሆነ እኛ ለማንም መጠየቅ የለብንም፣ ቢያንስ እኛ ደመወዝ አለን። እኛ እዚህ በሰው ቤት ሆነን የምንልከው ብር ልጃችንን በሰው ቤት እንድታድር ካደረጋት ምኑን ሠራን? አያት ትውጣ፣ እናት ትውጣ፣ ታላቅ እህት ትውጣ፣ ከልጅቷ ጋር የሚወጣ የራሷ ሰው ይኑር። ወንድምና እህትንም አትለያዩዋቸው።

እና ያቺ የምትወጣዋ አያትም ሰው ናት፣ ይሄን እንረሳለን። እናቴ ዶሮዋን፣ ጎረቤቷን፣ እድሯን ትታ ነው የምትመጣው። ወፍጮ ቤት ቅርብ መሆኑን፣ ገበያው በእግር መድረሱን፣ መስጊዱ ወይም ቤተክርስቲያኑ የት እንደሆነ፣ ከአገሯ የመጣ ሰው በዚያ ሰፈር እንዳለ መጠየቅ አለብን። አያት ከተማ ካልተስማማት በሦስተኛው ወር ልጅቷን ይዛ ትመለሳለች፣ አይተናል። የማያውቁት ሰፈር ላይ ያለ ቪላ ከሚሆን፣ የአገሯ ሰው ያለበት አንድ ክፍል ይሻላታል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል። ልጁ ከሚለቅበት ትምህርት ቤት መሸኛና ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ለእናት ደግሞ ከቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። ገጠር ያሉ ብዙ ልጆች የልደት ወረቀት ስለሌላቸው እሱን አሁኑኑ አስጀምሩ፣ ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር ሰልፉ አያስገባም። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ የመግቢያ ፈተና ሊኖር ስለሚችል ልጁ ሳይዘጋጅ አትውሰዱት፣ ወደ ኋላ ክፍል ይመልሱታል።

የኔን ጉዳይ ለምትጠይቁኝ፣ ደሴ ቆርጫለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በመልቀቂያ ሰዓት በር ላይ ቆሞ እናቶችን እንዲያናግር ልኬው ነበር፣ መጀመሪያ አፍሮ "እኔ ሴት ነኝ እንዴ" ብሎ ሳቀብኝ፣ በኋላ ግን ሄደ። ሁለቱን ትተን አንዱን መርጠናል። ቤቱ ገና አልተገኘም፣ ከትምህርት ቤቱ በእግር አስራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ያለ ብቻ እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ፣ ደላላው ከዚያ ውጪ ያለ ካሳየው እንዳያይ። ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ እናቴ መሸኛውንም አብራ ትጠይቃለች።