ኪሣራን መካስና ኪሣራን ማካካስ

ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር በሚጻፍ ውልና በኢንሹራንስ ወረቀት ላይ «ሜክ ጉድ ዘ ሎስ» የሚል የእንግሊዝኛ አነጋገር ይገኛል። ቃል በቃል ቢተረጎም «ኪሣራውን ደኅና ማድረግ» ይሆናል፤ ምሥጢሩ ግን የጠፋውን ተክቶ ባለንብረቱን ከጉዳቱ በፊት ወደ ነበረበት መመለስ፥ ባጭሩ መካስ ነው። «ሪኩፕ» የሚባለው ሌላው ቃል የከሠረውን ገንዘብ መልሶ ማግኘትን፥ ይኸውም ማካካስን ያመለክታል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መያዝ በኪሣራ ላይ ኪሣራ ያስከትላል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጣል። አንድ ነጋዴ ከሮብ ገበያ 50 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ቢያስጭን፥ አጓጓዡም ሸራ ሳያለብስ ቀርቶ 5 ኩንታሉ በዝናብ ቢበላሽ፥ ጥፋቱ የአጓጓዡ ነውና ካሣ ይጠየቃል። ጤፉ በደኅና ገብቶ ዋጋው ወርዶ ቢጠብቀው ግን በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ነጋዴው በሚቀጥለው ገበያ በራሱ ጥረት ያካክሰዋል እንጂ።

መካስም ወሰን አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1802 ተጎጂው ራሱ ብዙ ወጪና ችግር ሳይደርስበት ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ያዛል። እንግዲህ እርጥቡን ከደረቁ ሳይለይና ሳያሰጣ የተወ ነጋዴ፥ በቸልተኝነቱ ለተጨመረው ጉዳት ካሣ ተስፋ ማድረግ አይገባውም። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም በቁጥር 678 የንብረት ኢንሹራንስ ካሣ፥ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ወስኗል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣም የኢንሹራንሱ ክፍል አልተሻረም። ስለዚህ ኢንሹራንስ የሚክስ እንጂ የሚያተርፍ አይደለም።

ማካካስ ደግሞ የራሱ ፈተና አለበት። በአንድ ሮብ የከሠረ ሰው በሚቀጥለው ሮብ ጤፉን ከባዕድ ነገር ቢቀላቅል ወይም ሚዛን ቢያጎድል፥ ኪሣራውን በማያውቀው ገዢ ላይ አዛወረው እንጂ አካካሰው አይባልም። ገዢውም ነገሩን በደረሰበት ጊዜ ደንበኝነቱን ይተዋል፤ የደንበኛ እምነት ደግሞ በአንድ ገበያ ትርፍ አይመለስም። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብሎ በብድር ላይ ብድር እየጨመረ የወደቀውን ዋጋ የሚከተልም እንደዚሁ ዋና ገንዘቡን ያጣል።

ስለዚህ አስመጪም ሆነ ላኪ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት፥ «ሜክ ጉድ» የሚለው ግዴታ በማን ላይ እንደ ወደቀ፥ በምን ምክንያትና እስከ ምን ያህል እንደሚከፈል አስተርጉሞ መረዳት ይገባዋል። ባለሱቅም ቢሆን የጭነቱን ደረሰኝ በጥንቃቄ ይያዝ፤ ጉድለቱንም ዕቃውን በሚረከብበት ጊዜ በጽሑፍ ያስመዝግብ። ካሣ የሚገኘው በማስረጃ ነውና።